ስምንት ወንበር ለአራት ዓመት፦ የኒው ብረንስዊኩ "ኮር" ፓርቲ

ሴፕቴምበር 23 ቀን 1991 ማታ፣ በካናዳዋ ኒው ብረንስዊክ ክፍለ ሀገር የምርጫ ድምፅ ሲቆጠር፣ አርች ፓፎርድ በራሱ የምርጫ ክልል ተሸነፈ። የሚመራው ፓርቲ ግን በዚያው ምሽት ስምንት ወንበር አሸነፈ። ፓርቲው ከተመሠረተ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ሲነጋ የክፍለ ሀገሩ ዋና ተቃዋሚ እሱ ሆኖ አደረ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን አንድም ወንበር አልቀረውም። በ2002 ደግሞ ከፓርቲዎች መዝገብ ተሰረዘ።

ፓርቲው ኮንፌደሬሽን ኦፍ ሪጅንስ ይባላል። ሰው የሚያውቀው በአጭሩ "ኮር" በሚለው ስሙ ነው። ያስነሳው ጥያቄ አንድ ነው። በአንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ ሁለት ቋንቋ በሕግ እኩል ይሁን ወይስ አይሁን? ቋንቋ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ሰው ምን ያህል እንደሚግል ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ለዚህ ነው ይህን ጉዳይ ከሥሩ ጀምሬ ማውራት የፈለግሁት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ሕዝብ፣ አንድ ቤት

ኒው ብረንስዊክ ትንሽ ናት። በካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ አጠገብ ነው ያለችው። ከአሜሪካዋ ሜን ጋር ትዋሰናለች። በ1991 ሕዝቧ ወደ 724 ሺህ ገደማ ነበር። ከሦስት ሰው አንዱ አፉን የፈታው በፈረንሳይኛ ነው።

እነዚህ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች አካድያን ይባላሉ። ታሪካቸው ከጎረቤቷ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ክፍለ ሀገር ከኩቤክ ሰዎች ታሪክ የተለየ ነው። ከ1755 ጀምሮ እንግሊዞች ከመሬታቸው ነቅለው፣ በመርከብ ጭነው በየአገሩ በተኗቸው። ከተረፉት ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ተመልሰው በሰሜንና በምሥራቅ ጠረፍ ሰፈሩ። ካራኬትን የመሰሉ የዓሣ አጥማጆች ከተሞች የእነሱ ናቸው። ደቡቡና ምዕራቡ ደግሞ በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። የብዙዎቹ አያቶች የአሜሪካ አብዮት ሲያሸንፍ ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ በመሆናቸው በ1783 ተሰደው የመጡ ናቸው። ክፍለ ሀገሯም በ1784 ከኖቫ ስኮሺያ የተቆረሰችው ለእነሱ ተብሎ ነው።

ይህን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል። ሁለቱም ወገን የስደተኛ ልጅ ነው። አንዱ በእንግሊዝ የተባረረ፣ ሌላው ለእንግሊዝ ሲል የተባረረ። ግን አንዱ የሌላውን ቁስል እንደራሱ ቁስል አላየውም።

ለረጅም ዘመን መንግሥቱም፣ ንግዱም፣ ፍርድ ቤቱም በእንግሊዝኛ ተናጋሪው እጅ ነበር። በ1960 ግን ሉዊ ሮቢሾ የሚባል ወጣት የሊበራል ፓርቲ መሪ አሸነፈ። በምርጫ ፕሪሚየር የሆነ የመጀመሪያው አካድያን እሱ ነው። ፕሪሚየር ማለት የክፍለ ሀገሩ መንግሥት መሪ ነው።

ሮቢሾ መጀመሪያ የነካው ቋንቋን አልነበረም። ገንዘብን ነው። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል የሚተዳደሩት በየአካባቢው በሚሰበሰብ ግብር ነበር። ሀብታም አካባቢ ጥሩ ትምህርት ቤት አለው፤ ድሃው የለውም። ከድሆቹ አካባቢዎች ብዙዎቹ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበሩ። ሮቢሾ ይህን ሁሉ ወደ ክፍለ ሀገሩ መንግሥት ጠቀለለው። ግብሩም አገልግሎቱም ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን አለ። ወዲያው "ከፒተር ዘርፎ ለፒየር ሰጠ" የሚል አባባል ተዛመተ። ፒተር የእንግሊዝኛ ስም ነው፣ ፒየር የፈረንሳይኛ። በአራት ቃል አንድ የግብር ማሻሻያ የብሔር ጠብ ሆነ። እንዲህ ያለ አባባል ከሕጉ በላይ ዕድሜ አለው።

ከዚያ በ1969 የቋንቋ ሕጉ ወጣ። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ በክፍለ ሀገሩ እኩል ይፋዊ ቋንቋዎች ሆኑ። እስከ ዛሬ ከካናዳ አሥር ክፍለ ሀገሮች በሕግ ባለ ሁለት ቋንቋ የሆነችው ኒው ብረንስዊክ ብቻ ናት።

ኩርፊያው ከየት መጣ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኮርን የወለደው የሮቢሾ ሕግ ብቻ አይደለም። እንዲያውም ይበልጥ የወለደው የወግ አጥባቂው መሪ የሪቻርድ ሃትፊልድ ውሳኔ ነው።

ሃትፊልድ በ1970 ሮቢሾን አሸንፎ ሥልጣን ያዘ። የፓርቲው መሠረት እንግሊዝኛ ተናጋሪው ደቡብ ነው። ሕጉን ሊያላላው ይችል ነበር። እሱ ግን አጠነከረው። በ1981 መንግሥቱ ሌላ ሕግ አወጣ። ይሄኛው ከመጀመሪያው ይለያል። የ1969ኙ ሕግ የሚያወራው ስለ ግለሰብ ነበር። አንድ ሰው ቢሮ ሲሄድ በቋንቋው ይስተናገድ ነው የሚለው። የ1981ዱ ግን ሁለቱ ማኅበረሰቦች፣ እንደ ማኅበረሰብ፣ እኩል ናቸው አለ። የራሳቸው የትምህርትና የባህል ተቋም ሊኖራቸው ይገባል አለ።

ፖለቲካው ለሃትፊልድ ሠራ። በ1982 ምርጫ ከ58 ወንበር 39ኙን ወሰደ። ከዚያ በፊት ወግ አጥባቂ የማይመርጡ የአካድያን አካባቢዎችን ሰብሮ ገባ። ግን ቤቱ ውስጥ ያሉት ቅር ተሰኙ። ከድሮም የእኔ የሚሉት ፓርቲ ለእነሱ ጀርባውን የሰጠ መሰላቸው። ሊበራሉን ሲቃወሙ የኖሩ ሰዎች አሁን ማንን ይምረጡ?

ቀደም ብሎ ምልክቱ ታይቶ ነበር። የመንክተን ከተማ ከንቲባ የነበረው ሌናርድ ጆንስ የሁለት ቋንቋ ፖሊሲን አጥብቆ የሚቃወም ሰው ነበር። በ1974 ለፌደራሉ ምርጫ የወግ አጥባቂው ፓርቲ እጩ ሆኖ በአካባቢው አባላት ተመረጠ። የፓርቲው ብሔራዊ መሪ ሮበርት ስታንፊልድ ግን በእኔ ስም አትወዳደርም ብሎ እጩነቱን አላጸድቅም አለ። ጆንስ በግሉ ተወዳደረ። አሸነፈም። ስታንፊልድ ለመርሁ አንድ ወንበር ከፈለ። እኔ ይህን ውሳኔ አከብረዋለሁ። ግን የመንክተን መራጭ ያን ቀን የነገረውን ነገር ለመስማት የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

በ1980ዎቹ አጋማሽ የሁለቱን ቋንቋዎች እኩልነት እንዴት በሥራ ላይ እናውል የሚል ጥናት ተዘጋጅቶ፣ በየከተማው የሕዝብ ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባዎቹ ጦፉ። ሰው የሆድ የሆዱን ተናገረ። መንግሥቱም ፈራ፤ ጉዳዩ ተድበሰበሰ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው "ሊጭኑብን ነው" ብሎ ሄደ። አካድያኑ "ቃል ገብተው ሸሹ" ብሎ ሄደ። ከዚህ የባሰ ውጤት የለም።

ከዚያ ሃትፊልድ ራሱ ወደቀ። በ1984 የእንግሊዝ ንግሥት ስትጎበኝ ሻንጣው ውስጥ ማሪዋና ተገኘ ተብሎ ተከሰሰ። በነፃ ቢለቀቅም ስሙ አላገገመም። ኦክቶበር 13 ቀን 1987 በፍራንክ መኬና የሚመሩት ሊበራሎች 58ቱንም ወንበር ጠራርገው ወሰዱ። አንድም አልተረፈም። ሃትፊልድ የራሱን ወንበር ጭምር አጣ። ለአራት ዓመት በዋና ከተማዋ በፍሬድሪክተን ባለው ምክር ቤት አንድም ተቃዋሚ አልተቀመጠም።

ለእኔ የኮር ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከመራጩ ከአሥሩ አራቱ ገደማ ሊበራልን አልመረጡም። ግን በምክር ቤቱ የእነሱን ቃል የሚናገር አንድ ሰው የለም። ወግ አጥባቂው ፓርቲ ተሰባብሮ ወድቋል። ባዶ ቦታ ሲኖር የሚሞላው ሰው ይመጣል።

ፓርቲው ሲወለድ

"ኮንፌደሬሽን ኦፍ ሪጅንስ" የሚለው ስም የኒው ብረንስዊክ ስም አይደለም። የመጣው ከሩቅ ምዕራብ ነው። ኤልመር ኑትሰን የሚባል የአልበርታ ሰው በ1980ዎቹ የመሠረተው የፌደራል ፓርቲ ስም ነው። ሐሳቡ ካናዳ አራት እኩል ክልሎች ትሁን የሚል ነበር፦ ምዕራቡ፣ ኦንታሪዮ፣ ኩቤክና አትላንቲክ። በምዕራቡ ይህ ሐሳብ ብዙም አልያዘም። ኒው ብረንስዊክ ሲደርስ ግን ስለ አራቱ ክልሎች የሚጨነቅ ሰው ጥቂት ነበር። ሕዝቡ የወሰደው ስሙን ነው። ውስጡን የሞላው በራሱ ብሶት ነው።

በ1989 በሚራሚሺ ወንዝ ዳር ካለችው ከኒውካስል የሆነው አርች ፓፎርድ የክፍለ ሀገሩን ኮር አቋቋመ። የፓርቲው ዋና ጥያቄ ግልጽ ነበር። የይፋዊ ቋንቋዎች ሕግ ይሻር። ከዚያ ሌላ መንግሥት ወጪ ይቀንስ፣ ትላልቅ ጉዳዮች በሕዝበ ውሳኔ ይወሰኑ የሚሉ ሐሳቦች ነበሩት። ሰው የሚሰበሰበው ግን ስለ ቋንቋው ነበር።

ጊዜውም አመቻቸው። በ1988 መጨረሻ ኩቤክ የሱቅ የውጭ ማስታወቂያ በፈረንሳይኛ ብቻ ይሁን የሚል ሕግ አወጣች። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ካናዳ ተቆጣ። "እዚያ የእኛን ቋንቋ ከግድግዳ ያወርዳሉ፣ እዚህ የእነሱን ተማሩ ይሉናል" የሚል ንግግር በየቡና ቤቱ ተሰማ። በጃንዋሪ 1990 በኦንታሪዮ የሶ ሴንት ማሪ ከተማ ምክር ቤት ከተማችን እንግሊዝኛ ብቻ ናት ብሎ ወሰነ። በዚሁ ላይ የሚች ሌክ ስምምነት ነበረ። ኩቤክን በሕገ መንግሥቱ "ልዩ ማኅበረሰብ" አድርጎ የሚያውቅ ስምምነት ነው። መኬና በ1987 ስምምነቱ እንዳለ አይሆንም ብሎ ነበር የተወዳደረው። በ1990 ግን ተጨማሪ ሰነድ ተያይዞ ይጽደቅ አለ። በእሱ ተስፋ አድርገው የነበሩ ሰዎች እንደገና ሜዳ ላይ ቀሩ። ስምምነቱ በጁን 1990 ከሸፈ፤ ቅሬታው ግን አልከሸፈም።

እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? ሁሉንም በጅምላ ጠባብ ማለት ቀላል ነው። ስህተትም ነው። ፍሬድሪክተን የመንግሥት ከተማ ናት። አባት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ልጅ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ላይ "ሁለቱን ቋንቋ የሚችል" የሚል ቃል ሲበዛ፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚችል የአምሳ ዓመት ሰው ምን ይሰማዋል? እድገቱ የቆመበት ይመስለዋል። ለልጁም ይፈራል። በሴንት ጆን ወንዝ ሸለቆ ወደ ላይ ስትወጣ ደግሞ ፈረንሳይኛ በጆሮው ገብቶ የማያውቅ ገበሬ አለ። ለእሱ ሕጉ ወጪ ብቻ ነው። በ1991 ኢኮኖሚው ወድቆ ነበር። መኬናም የመንግሥት ሠራተኛውን ደሞዝ አግዶ ነበር። የተከፋ ሰው የሚያሳብብበት አያጣም።

ግን ደግሞ ሌላውን ወገን ማየት አለብን። ለአካድያን እናት ይህ ሕግ ወጪ አይደለም። የታመመ ልጇን ሆስፒታል ስትወስድ ሕመሙን በምታውቀው ቃል መናገር መቻል ነው። ኮር "ሕጉን እንሻረው" ሲል ለደጋፊው የቢሮክራሲ ጉዳይ ነበር። ለእሷ ከ1755 ጀምሮ የሚታወቅ ድምፅ ነው። የፓርቲው ሰዎች ይህን ልዩነት ፈጽሞ አልገባቸውም ብዬ አምናለሁ። ሊገባቸውም አልሞከሩም።

የ1991ዱ ምሽት

ቁጥሮቹን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ሊበራል 47.1 በመቶ አገኘ፤ 46 ወንበር። ኮር 21.2 በመቶ፤ 8 ወንበር። ወግ አጥባቂው 20.7 በመቶ፤ 3 ወንበር። ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ 10.8 በመቶ፤ 1 ወንበር። ያቺ አንድ ወንበር የመሪዋ የኤልሳቤጥ ዊር ናት።

ኮርና ወግ አጥባቂው በድምፅ የሚለያዩት በግማሽ ነጥብ ነው። በወንበር ግን አንዱ ስምንት፣ ሌላው ሦስት። ለምን? በካናዳ አሠራር በአንድ የምርጫ ክልል ከሁሉም በላይ ያመጣ አንድ ሰው ብቻ ያሸንፋል። ድምፅህ በየቦታው በስሱ ቢዘራ ምንም አያወጣልህም። በአንድ ቦታ ቢወፍር ወንበር ይሆናል። የወግ አጥባቂው ድምፅ በክፍለ ሀገሩ ሁሉ ተበትኖ ነበር። የኮር ድምፅ ግን በፍሬድሪክተን ዙሪያ ተከማችቷል። ዮርክ፣ ሰንበሪ፣ ሰሜን ፍሬድሪክተን። ከዚያ ወጣ ሲል አልበርትና ደቡብ ምዕራብ ሚራሚሺ። በአካድያን አካባቢ ፓርቲው የለም ማለት ይቻላል።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። የኮርና የወግ አጥባቂው ድምፅ ሲደመር ወደ 42 በመቶ ይጠጋል። መኬና በምቾት የገዛው ተቃዋሚው ለሁለት ስለተሰነጠቀ ጭምር ነው። ኮር ለደጋፊዎቹ ድምፅ ሰጣቸው። በተግባር ግን በጣም የሚጠሉትን መንግሥት አጠነከረላቸው።

ከውስጥ የበላው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፓርቲው ምክር ቤት ውስጥ ለምን አራት ዓመት ብቻ ቆየ?

መጀመሪያ የመሪው ነገር። ፓፎርድ ምክር ቤት አልገባም። ገንዘቡ፣ ቢሮው፣ የጥያቄ ሰዓቱ፣ ካሜራው ያለው ምክር ቤት ውስጥ ነው። እሱ ውጭ ቀረ። ውስጥ የገቡት ስምንቱ ዳኒ ካሜሮንን መረጡ፤ የዋና ተቃዋሚ መሪ ሆነ። አንድ ፓርቲ ሁለት ራስ አበቀለ። ፓፎርድ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ። ከዚያ በካሜሮንና በወጣቱ ብሬንት ቴይለር ወገኖች መካከል የሥልጣን ሽኩቻ ተጀመረ። ጠቡ ጓዳ ውስጥ አልቀረም፤ ጋዜጣ ላይ ወጣ። መንግሥትን መጠየቅ የነበረበት ጉልበት እርስ በርስ መጠያየቅ ላይ አለቀ።

ይህ ድንገት የመጣ አይመስለኝም። ስምንቱን ሰዎች ያገናኛቸው የሚቃወሙት ነገር ነው። ስለ ትምህርት፣ ስለ ሆስፒታል፣ ስለ ደን፣ ስለ ዓሣ አንድ ላይ ቁጭ ብለው ያሰቡት የለም። ብዙዎቹ ለምክር ቤት ሥራ አዲስ ነበሩ። ተቃዋሚ መሆን ማለት ደግሞ በየቀኑ ስለ ሁሉም ነገር መናገር ነው።

ሁለተኛው ፍራንክ መኬና ነው። ይህን ሰው ትንሽ ላስተዋውቃችሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጠበቃ ነው። ስሙ የታወቀው በ1977 አይቮን ዱሬል የተባለውን አካድያን ቦክሰኛ ከግድያ ክስ ተከራክሮ ነፃ ሲያወጣ ነው። ዱሬል ለዓሣ አጥማጁ ሕዝብ ጀግና ነበር። ስለዚህ መኬና በአካድያኑ ዘንድ ከፖለቲካ በፊት የተገኘ ፍቅር ነበረው።

ኮር "ሁለት ቋንቋ ወጪ ነው" ሲል መኬና የክርክሩን ሜዳ ቀየረው። በ1990ዎቹ ለትላልቅ ኩባንያዎች የስልክ ደንበኛ አገልግሎት ማዕከላችሁን እዚህ ክፈቱ እያለ ዞረ። ለምን እዚህ? ሠራተኛችን በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ይመልሳል፤ መላውን ካናዳ ከመንክተን ታስተናግዳላችሁ አላቸው። ነፃ የስልክ መስመር በራሱ ስም አስከፍቶ ነበር። ማዕከሎቹ መጡ። በሺዎች የሚቆጠር ሥራ ተፈጠረ። ሥራው ሁሉ ጥሩ ደሞዝ ነበረው አልልም። ግን የመንክተን ወጣት በሁለት ቋንቋው እንጀራ ሲበላ፣ "ሕጉን እንሻር" የሚለው ጥሪ በዚያ ከተማ ጉልበት አጣ።

ሦስተኛው ለኮር ደጋፊዎች ከሁሉም የመረረው ይመስለኛል። በ1981 የወጣው የማኅበረሰቦች እኩልነት ሕግ ተራ ሕግ ነበር። ማንም ምክር ቤት በአንድ ድምፅ ብልጫ ሊሽረው ይችላል። ኮር ያሰበውም ይህን ነው። የመኬና መንግሥት ግን መርሁን አንስቶ የካናዳ ሕገ መንግሥት ውስጥ አስገባው። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት በዲሴምበር 1992 ውሳኔውን አሳለፈ። ኮር ተቃወመ፤ ከ58 ወንበር በስምንት ምን ሊያደርግ ይችላል? የፌደራሉ ፓርላማም አጸደቀው። በማርች 1993 አንቀጽ 16.1 ሆኖ ታወጀ። ከዚያ በኋላ ያን መብት ለማንሳት ሕገ መንግሥት ማሻሻል ግድ ነው። ሕጉን ለመሻር የተመሠረተ ፓርቲ ዋና ተቃዋሚ በነበረበት ዘመን፣ ሕጉ በድንጋይ ላይ ተጻፈ።

መውጫው በር

በ1995 ምርጫ ኮርን የመራው ግሬግ ሃርግሮቭ ነበር። የምርጫ ክልሎቹ ቁጥር ከ58 ወደ 55 ወርዶ ነበር። ሊበራል 48 ወሰደ፣ ወግ አጥባቂው 6፣ ኒው ዴሞክራቲክ 1። ኮር 7 በመቶ ገደማ አገኘ። ወንበር የለም። ስምንቱም ሄዱ።

ወግ አጥባቂው በዚያ ጊዜ የሚመራው በርናርድ ቫልኩር ነበር፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነው። ፓርቲው የኮርን ድምፅ ለመመለስ ብሎ የቋንቋ ሕጉን እሽራለሁ አላለም። ሰዎቹን ተቀበለ፤ ጥያቄያቸውን ግን አልተቀበለም። በ1999 የ33 ዓመቱ በርናርድ ሎርድ ፓርቲውን ከ55 ወንበር 44 አስያዘው። ሁለቱንም ቋንቋ እኩል የሚናገር ሰው ነው። ድሮ ኮርን የመረጡ የገጠር መራጮች ወደ ቀድሞ ቤታቸው ተመልሰው ይህን ሰው መረጡ። ኮር በዚያ ምርጫ አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም።

በ2002 የጸደይ መግቢያ ፓርቲው ከመዝገብ ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የሎርድ መንግሥት የ1969ኙን የሚተካ አዲስና የጠነከረ የቋንቋ ሕግ አቀረበ። ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ አሳለፈው።

እኔ ይህን ውጤት ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። አናሳ ሕዝብ መብቱን አስከብሮ መውጣቱ ጥሩ ነገር ነው። ግን ጉዳዩን እዚህ ላይ ብዘጋው ግማሹን ደብቄ ይሆናል። ከመራጩ አንድ አምስተኛው በ1991 የተናገረው ነገር በ1999 ጠፋ ማለት አይደለም። ሰው ፓርቲ ቀየረ እንጂ የተሰማውን አልቀየረም።

በ1989 የኮር መሪ ለመሆን ከተወዳደሩት አንዱ ብሌን ሂግስ የሚባል መሐንዲስ ነበር። አላሸነፈም። ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ በኧርቪንግ ነዳጅ ኩባንያ ሠራ። በ2010 በወግ አጥባቂው ፓርቲ ተመርጦ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። በ2016 የፓርቲው መሪ፣ በ2018 ፕሪሚየር። ያኔ የኮር ነገር ተነሳበት። አመለካከቴ ተለውጧል አለ። ብዙ አካድያን አላመኑትም። ፈረንሳይኛ አይናገርም፤ አጠራጣሪነቱንም ያባሰው ይህ ነው።

በ2018 ሂግስ ያገኘው 22 ወንበር ነው፤ ሊበራል 21። ምክር ቤቱ 49 ነው። ሚዛኑን የያዙት ትንንሾቹ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ በክሪስ ኦስቲን የሚመራው ፒፕልስ አላያንስ ነው። በ2010 የተመሠረተ፣ የሁለት ቋንቋ አገልግሎት ወጪን የሚተች ፓርቲ። ሦስት ወንበር ነበረው፤ ከሦስቱ ብዙው ኮር ድሮ ባሸነፈበት አካባቢ ነው። በ2022 ኦስቲን ከቀረችው አንድ ባልደረባው ጋር ወደ ሂግስ ፓርቲ ገባና ሚኒስትር ሆነ። በዚያው ዓመት ሂግስ የቋንቋ ሕጉን በሚገመግመው የሚኒስትሮች ኮሚቴ ውስጥ አስቀመጠው። አካድያኑ ተቆጡ። ሃትፊልድ በዕድሜው የገነባው የወግ አጥባቂና የአካድያን ወዳጅነት ክር በክር ተተረተረ።

ሎርድ በሩን ከፍቶ ሰዎቹን አስገብቶ ነበር፤ ጥያቄውን ግን ደጅ አቆመው። ሂግስ ሁለቱንም አስገባ። በእኔ አስተያየት የሁለቱ ልዩነት ይህ ነው።

ኦክቶበር 21 ቀን 2024 ምርጫ ተደረገ። በሱዛን ሆልት የሚመሩት ሊበራሎች ከ49 ወንበር 31 አሸነፉ። ፒፕልስ አላያንስ ምንም አላገኘም። ሂግስም በዚያ ምሽት በኪስፓምሲስ፣ በራሱ የምርጫ ክልል ተሸነፈ።